ሦስት ጊዜ የታጠበ እጅ

የእኛ ቤት ሰዎች ሰው መናቅ ያውቁበታል። ሌላው ቤተሰብ ከእራት በኋላ ካርታ ይጫወታል፤ እኛ አንድ ሰው እናነሣና እንጥላለን። አባቴ ዶክተር አምሐ በጃንሆይ ዘመን በስኮላርሺፕ አሜሪካ መጥቶ አርባ ዓመት ሙሉ ኢኮኖሚክስ ያስተማረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ስለ ሠፊው ሕዝብ ክብር በራሪ ወረቀት ይጽፍ ነበር አሉ። ሠፊው ሕዝብ ሳን ሆዜ ድረስ መጥቶ ልጁን ሲወድ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እናቴ ወይዘሮ እጅጋየሁ ደግሞ ሰውን የምትመዝነው በጫማው ነው። እኔ ወንጌላዊት ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከሁለቱም ወስጃለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የምንቃቸው ሰዎች ብዛት ቢያስገርማችሁ፣ ከሚናቁት ሰልፍ ፊት የቆምኩት እኔ ራሴ መሆኔን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ሚናስን ያገኘሁት ኦክላንድ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ላይ ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ ነበር። ጥፍሩ በጣም ንጹሕ ነው፣ ድምፁም ዝግ ያለ ነው፣ ሰው ሲያወራ አያቋርጥም። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው ሐዘን ከገጠማቸው ቤተሰቦች ጋር እንደሚሠራ ነገረኝ። የምክር አገልግሎት ነው ብዬ ደመደምኩና ወደ ውስጥ አልጠየቅሁም። ለእናቴ ሳይኮሎጂስት ነው አልኳት፣ እናቴ ለሳን ሆዜ አበሻ በሙሉ አዳረሰችው፣ በሳምንቱ ሚናስ ዶክተር ሆኖ አረፈው። እሱ ስንት ጊዜ ሊነግረኝ ጀምሮ እኔ ስንት ጊዜ ወሬ እንዳስቀየርኩት አሁን ሳስበው ያመኛል። ስለ ሐዘን መስማት አልወድም ነበር።

ስምንት ወር አብረን ቆየን። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦክላንድ አንዲት ትንሽ የአበሻ ምግብ ቤት ውስጥ እንበላለን። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት እጁን ሊታጠብ ይሄድና ይቆያል። ሴት እንኳ እንዲህ አትቆይም እያልኩ አሾፍበት ነበር። ሲያጎርሰኝ እንደ ሌላው ወንድ አፌን አይሞላውም፤ ትንሽ ጠቅልሎ፣ ወጡ እንዳይንጠባጠብብኝ ግራ እጁን ከሥር ዘርግቶ ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ሁልጊዜ የእኔ ነበር። እኔ እሱን ያጎረስኩበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ፊልም ልጋብዝሽ አለኝ። የጃፓን ፊልም ነው፤ አስከሬን አጥቦና አልብሶ ለቤተሰቡ የሚያስረክብ፣ በዚያም ሥራ የሕይወቱን ትርጉም የሚያገኝ ሰው ታሪክ። ሚናስ ለምን ይህን እንደመረጠ አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም። ፖፕኮርኔን እየበላሁ ወደ ጆሮው ተጠግቼ፣ «ይሄ ሰውዬ ቤቱ ገብቶ በዚሁ እጁ ይበላል? ሚስቱስ እንዴት ነው የምታስነካው? አይ ስዌር፣ እኔ ብሆን አጠገቤ አይደርስም» አልኩት። ወደ እኔ አልዞረም። በፊልሙ ብርሃን ሲያለቅስ አየሁት፤ ሆደ ባሻ ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ምግብ ቤት ገብተን አዘዝን። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ወንጌል፣ ያ ሰውዬ የሚሠራው ሥራ የእኔ ሥራ ነው። ከጀመርኩት ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ምግቡ ሲቀርብ ሊታጠብ ሄደ፣ ከወትሮው የበለጠ ቆየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ጠቅልሎ፣ ግራ እጁን ከሥር አድርጎ ዘረጋልኝ።

ፊቴን አዞርኩ። ሳላስበው ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ አስቤ ነው ያዞርኩት። በዙሪያችን ያሉት ሰዎች ሁሉ ያዩን መሰለኝ፤ እንዲያዩም ፈልጌ ነበር። እጁ ትንሽ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጉርሻውን ከትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፤ እስክንነሣ ድረስ ማንም ሳይነካው እዚያው ደረቀ። አልተቆጣም። ያየኝ አስተያየት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ይህ እንደሚደርስበት ድሮውንም የሚያውቅ፣ ከእኔ ብቻ ያልጠበቀ ሰው አስተያየት ነበር።

በሳምንቱ ደብዳቤ በፖስታ መጣልኝ። በእጁ የተጻፈ፣ በአማርኛ። ማንበብ ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ በየቅዳሜው ጠዋት ኩሽና ውስጥ ፊደል ያስቆጥረኝ ነበር።

«ወንጌል፣ ቀድሜ ስላልነገርኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈርቼ ነው። ሄይዋርድ መጋዘን ስሠራ አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ያገራችን ሽማግሌ ነበሩ። ዘመድ የላቸውም። ሲሞቱ የሚወስዳቸው ጠፍቶ አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። ሰምቼ ስሄድ አንድ ፈረንጅ ሠራተኛ ብቻውን ያጥባቸው ነበር። ስማቸውን አስተካክሎ መጥራት አይችልም፤ ጸጉራቸውን ግን እንደ አባቱ ነበር የሚያበጥረው። እጅጌዬን ሰብስቤ አገዝኩት። ከዚያ ቀን በኋላ መጋዘን መመለስ አቃተኝ። ተማርኩ፣ ላይሰንስ አወጣሁ። ሌላ ሥራ አጥቼ የገባሁበት እንዳይመስልሽ። እዚያ ክፍል ውስጥ ስሆን ለምን እንደተፈጠርኩ አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ካንቺ ጋር ልበላ ስመጣ ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ። አንዴ ሥራ ቦታ፣ አንዴ ቤቴ፣ አንዴ ምግብ ቤቱ። ለሥራዬ ብዬ አይደለም፤ እዚያ ጓንት አለን። ላንቺ ብዬ ነው። አራተኛ ጊዜ ብታጠብ የምትመለሺ ከሆነ ንገሪኝ። ሚናስ።»

ስምንት ጊዜ አነበብኩት። አልመለስኩለትም። ልመልስለት ብዕር ያነሣሁበት ማታ እናቴ እራት ላይ ወሬውን ይዛ መጣች። የነገረቻት ወይዘሮ ካሳነሽ ናት። ወይዘሮ ካሳነሽ የእድራችን ሊቀመንበር ናት፤ ሰው ሲሞት ማን ምን ወጥ እንደሚሠራ የምትወስን፣ ሰው ካልሞተ ደግሞ የማንን ስም እንደምታጠፋ የምትመርጥ ሴት። እናቴ ሹካዋን አስቀምጣ፣ «አስከሬን አጣቢ!» አለች። ሌላ ነገር መጨመር አላስፈለጋትም። አባቴ መነጽሩን አውልቆ በናፕኪን እየጠረገ፣ «ታዲያ ስሞት ዲስካውንት ያደርግልኛላ» አለ።

ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ደብዳቤው ፎቅ ላይ ትራሴ ሥር ነበር። ከአባቴ ጋር አብረን የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ ያ ሆነ።

ሰኔ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ጓሮ የሎሚ ዛፉን ውሃ እያጠጣ ወደቀ። ሆስፒታል ደረስን እንጂ እሱ አልደረሰም። እናቴ አላለቀሰችም። ስልክ ይዛ፣ ከሳን ሆዜ ውዱን የቀብር ቤት መርጣ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ታደላድል ጀመር። የነፍስ አባቱ አባ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን እንደ ሥርዓታችን ታጥቦ በነጭ አቡጀዲ መገነዝ አለበት አሉ። የቀብር ቤቱ ሰዎች ክፍሉን እንፈቅዳለን፣ አገናነዙን ግን አናውቅም አሉ። ያን ጊዜ የአባቴ የጥንት ጓዶች ተነሡ። ስድስት ናቸው፣ ሁሉም ዶክተር፣ ሁሉም ክራባት ያሰሩ። የጓዳችንን አስከሬን ለባዕድ አንሰጥም፣ እኛው እንገንዘዋለን ብለው በእናቴ ፊት ማሉ።

ሐሙስ ጠዋት ቀብር ቤቱ ተሰበሰብን። ጓዶቹ ከክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ አንደኛው ወገቡ ትዝ አለው፣ ሌላው የደም ግፊቱ። ሦስተኛው መኪናዬን ላንቀሳቅስ ብሎ ወጣ፤ ፓርኪንጉ ባዶ ነበር፣ እሱም አልተመለሰም። ሁለቱ ደግሞ እሱን ሊፈልጉ ወጡ። የቀሩት ፕሮፌሰር ተድላ ብቻ ናቸው። ገቡ፣ የአባቴን እግር አዩ፣ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ከነሱፋቸው መሬት ተቀመጡ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስለ መስዋዕትነት ሲያወሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አባቴ የሆስፒታል ፕላስተር ክንዱ ላይ እንደተለጠፈ፣ አንድ እጁ ከአንሶላው ወጥቶ፣ ብቻውን ተኝቷል። ቀብሩ ቅዳሜ ነው።

አባ ሀብተ ጊዮርጊስ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩንና፣ «ሚናስን ጥሩት» አሉ።

እናቴ የትኛውን ሚናስ ስትል ጠየቀች፤ እያወቀች።

«የኦክላንዱን ነዋ! የእኔ ድርሻ ጸሎቱ ነው። የደብራችንን ወንዶች ሰባት ዓመት ሙሉ የገነዘው እሱ ነው፤ በነጻ። ካሳነሽ፣ ያንቺንም ባለቤት።»

ወይዘሮ ካሳነሽ ሻርፗን አስተካከለች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለምን ሴት ፊት አየሁባት። «ኮል አድርጊለት» አለችኝ በቀስታ።

ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤውን አልመለስኩም። ያለ አንድ ቃል የተውኩትን ሰው ደውዬ አባቴን እጠብልኝ ልለው ነው። አባቴ ደግሞ የቀለደበት ሰው ነው። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራና አነሣው። «አባዬ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣልኝም። መቼ እንደሆነና የት እንዳለን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «መጣሁ» አለኝ። እንዲህ ነው እኛ የምንንቀው ሰው። እኔ ብሆን ቢያንስ ትንሽ አስለምን ነበር።

ከኦክላንድ በዚያ ትራፊክ በአንድ ሰዓት ደረሰ። ያው ጥቁር ሱፍ፣ በእጁ ትንሽ ቦርሳ። ለእኔ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነፍስ ይማር አለኝና አለፈ። እናቴ ፊት ቆመ። እሷ ተግሣጽ ስትጠብቅ ትከሻዋን ቀና አድርጋ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ገላቸውን ሲታጠቡ ውሃው እንዴት ሲሆን ነበር የሚወዱት?» አላት።

እናቴ፣ «ሙቅ» አለች። «በጣም ሙቅ። ቆዳው እስኪቀላ። ልትቃጠል ነው እያልኩ ሁልጊዜ እጮኽበት ነበር።»

«እሺ። ሙቅ እናደርግላቸዋለን።»

ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

ሚናስ ኮሪደሩ ላይ ወደተቀመጡት ፕሮፌሰር ተድላ ሄዶ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። ገላቸውን አያዩም፣ ራስጌ ቆመው ውሃ ብቻ ይይዙልኛል አላቸው፣ እሳቸውም እንደ ልጅ ተከትለውት ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። እኛ ሴቶቹ ውጭ ነበርን፤ የውሃ ድምፅና የእሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ያወራ የነበረው ከፕሮፌሰሩ ጋር መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ስሰጥ ከአባቴ ጋር ነው።

«ጋሽ አምሐ፣ ቀኝ እጅዎን ላነሣ ነው።» ውሃ። «ፕላስተሩ ጸጉር ይዟል፣ ቀስ ብዬ ነው የማነሣው።» የጨርቅ ድምፅ። «አሁን ወደ ግራ ላዞርዎት ነው፣ ይዤዎታለሁ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ውሃው ተስማማዎት?»

በሩን ተደግፌ ቆምኩ። አባቴ በዚህ ሰው ላይ ቀልዷል፣ እኔ ስቄያለሁ፣ እሱ ውሃው ተስማማዎት ይለዋል። ማንም እንደማያየው ሲያውቅ እርስዎ የሚል ሰው ነው። የእኛ ቤት ሰዎች እርስዎ የሚሉት ሰው ሲያያቸው ነው። አፈርኩ፤ ስወደው የኖርኩት ሰው ማን እንደሆነ ያወቅሁት በር ላይ ቆሜ በጆሮዬ መሆኑ አንገበገበኝ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ግቡ ተባልን። አባቴ በነጭ አቡጀዲ ተገንዞ፣ ፊቱ ብቻ ተገልጦ፣ ጢሙ እንደሚወደው ተበጥሮ ተኝቷል። የተማሪ ስሕተት አግኝቶ ሊያርም ያለ ይመስል ነበር። እናቴ ግንባሩን ስትስመው፣ «ሞቋል» አለች። ሚናስ እጅጌውን እያወረደ በአጠገቤ አለፈ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። «አይዞሽ» አለኝና ወጣ። አይዞሽ ለማንም የሚባል ቃል ነው። ለሚናስ እንደ ማንም ሰው ሆኜ ነበር።

ቅዳሜ ከቀብር መልስ ቤታችን በሰው ሞላ። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፣ ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ምግቡ በትልልቅ ትሪ ቀርቦ ሰው አራት አምስት እየሆነ ይበላል። የሸሹት ጓዶች ሁሉ ተመልሰዋል፤ አንደኛው ስለ አባቴ ጀግንነት ረጅም ንግግር አድርጓል፤ ወገቡም ድኖለታል። እኔ እናቴ አጠገብ ፍራሽ ላይ ነበርኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ከሻይ በቀር አፌ የገባ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ እየተፈራረቁ፣ በአባትሽ ሞት አንድ ጊዜ ቅመሺ እያሉ ጉርሻ ይዘረጉልኛል፤ እኔ አፌን እገጥማለሁ። ወይዘሮ ካሳነሽ ሦስት ጊዜ ሞክራለች።

ሚናስ ሊያስተዛዝን መጣ። እናቴን ጉልበቷን ነካ አድርጎ ሳመና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከግራው የነበረው ሰውዬ ስልክ ያዘና ተነሣ። ከቀኙ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች። ከዚያ ወይዘሮ ካሳነሽ መጣች። ሌላው ሁሉ ከትሪ ይበላል፤ ለሚናስ ግን ለብቻው በወረቀት ሳህን ቆንጥራ አመጣችለት፣ ከላዩ የፕላስቲክ ሹካ ሰክታ። እጁ ትሪ ውስጥ እንዳይገባ። የገዛ ባሏን ያጠበውን እጅ። እያመሰገነ ተቀበላት። ሹካውን ያዘ። ጎንበስ ብሎ በሹካ እንጀራ መብላት ጀመረ።

ያን ሹካ ሳይ ሚያዝያ ትዝ አለኝ። እኔ ያንን ሹካ ከካሳነሽ ቀድሜ ሰጥቼዋለሁ። እሷ ያመጣችው ሁለተኛውን ነው።

ተነሣሁ። ሐዘንተኛ ሲነሣ ቤቱ ዝም ይላል። የሚበላው እጁ ትሪው ላይ ቀረ። ሳሎኑን አቋርጬ ሚናስ አጠገብ፣ ሰውዬው በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሹካውን ከእጁ ወሰድኩት።

«አጉርሰኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ ያየው እኔን አልነበረም፤ ሰውን ነው፣ እናቴን ነው። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ወንጌል፣ ሰው እያየ ነው» አለኝ።

«ይይ።»

«እሺ፣ እጄን ልታጠብ።» ሊነሣ ወንበሩን ገፋ።

እጁን ያዝኩት። አስቤው አላውቅም ነበር፣ እንዲሁ ወጣልኝ። «አባቴን አጥበህበታል» አልኩት። «ከዚህ በላይ ምን ይታጠባል?»

ወይዘሮ ካሳነሽ ልጅቷ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብላ አጠገቧ ላለችው ስትንሾካሾክ ሰማሁ። እናቴ ከፍራሹ ላይ ሳትነሣ፣ ያቺ ሰውን በጫማው የምትመዝነው እናቴ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ካሳነሽ፣ ያንን ሹካ አንሺልኝ» አለች። ወይዘሮ ካሳነሽ መጥታ ሹካውን ከእጄ ወሰደች።

ሚናስ ከሳህኑ ትንሽ ቆረሰ። ጠቀለለ። ግራ እጁን ከሥር ዘረጋ። አፌ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቆመ፣ እንደዚያን ቀን አየር ላይ ቆመ፣ ፊቴን አዞር እንደሆነ ጠበቀኝ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌን ከፈትኩ። ደብዳቤውን ሳልመልስለት የቀረሁት፣ የሳቅሁት ሳቅ፣ በሩ ላይ የሰማሁት ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። እያለቀስኩ አኘክሁ። ወጡ ቀዝቅዟል፣ ጨውም በዝቶበታል፤ የካሳነሽ እጅ ነው። ዋጥኩና ድገመኝ አልኩት። ለካ ከሚያዝያ ጀምሮ ርቦኝ ኖሯል።